የሰሜን ተራሮችን ስንጎበኝ የግጭን ሰዎች አንርሳ



ወጣቶች መኪና ተከራይተን ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ መውጣት ወደናል። መልካም ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ዐለት ላይ ቆሞ ገደሉን ያየ ሰው «ሱብሓነላህ» ሳይል አይመለስም።

ግን ከፍታው ላይ ሰው ይኖርበት ነበር። አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑት የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን በ1996 ካስገባበት የአደጋ መዝገብ አወጣው። ዋልያው እንዲተርፍ ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ደባርቅን በመስኮት እያየን አንለፍ። ወርደን አብረናቸው እንስገድ፤ ስንቃችንን ከእነሱ እንግዛ፤ ልጆቻቸውን መንገድ መሪ አድርገን ተገቢውን እንክፈል። ይህ ሰደቃ አይደለም፣ ሐቃቸው ነው።

አላህ የወንድምን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።