«ሞተርና ካምቢዮ» ለፎርዊል አይበቃም

ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ዋስትና የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ «ሞተርና ካምቢዮ» በሚሉ ሁለት ቃላት ያልቃል። ለከተማ ቪትዝ ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ለላንድክሩዘር፣ ለሃይሉክስ ወይም ለፕራዶ ግን አይበቃም። ከካምቢዮው ቀጥሎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር አለ። ካርዳኖቹ ከነክሮቼራቸው፣ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል፣ ወደ ጎማ የሚዘልቁት ዘንጎችም አሉ። መኪናውን ፎርዊል የሚያሰኙት እነዚህ ሆነው ሳለ ከዋስትናው የሚቀሩትም እነዚሁ ናቸው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ገዢው የሚያማርጠው በአመዛኙ ቀድሞ ከገቡት ነው። በኮረኮንችና በወንዝ ማቋረጫ ብዙ የደከሙ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

ችግር ሲመጣ ገዢው ወደ ቅርቡ ጋራዥ ይሮጣል፤ መካኒኩም ወዲያው መፍታት ይጀምራል። ዋስትናው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተፈታ ዲፈረንሻል ይዞ ወደ ሻጩ የተመለሰ ገዢ «ማን ነካው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ሳይፈቱ ብዙ ማወቅ ይቻላል። ነዳጅ ሲሰጥ የሚጮኽ፣ ሲለቀቅ የሚለወጥ ድምፅ ጥርጣሬውን ወደ ዲፈረንሻል ጥርሶች ይወስዳል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ የሚያይል፣ ወደ ሌላው ሲታጠፍ የሚቀንስ ጉርምርምታ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ሳይሆን አይቀርም። መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ የሚለው የፊት ዘንግ መገጣጠሚያ ነው። ማርሽ ሲገባ ጓ የሚለው ድምፅ ግን ከላላ ክሮቼራ ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዴም ካርዳኑ ግሪስ ስላጣ ብቻ ነው።

ዘይቱም ይናገራል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ለጥፍ ቢገኝ የተለመደ መፋቅ ነው፤ የብረት ስባሪ ከተገኘ ጥርስ ተሰብሯል ማለት ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ያሳያል። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ በኦይል ሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። ጩኸት ለማፈን ሰጋቱራ ወይም ከመጠን በላይ ወፍራም ዘይት መጨመርም የቆየ ማታለያ ነውና ዘይቱን ሳያዩ መግዛት አይገባም።

ሁሉም ነገር ብልሽት አይደለም። ሰባዎቹ ላንድክሩዘሮች በአብዛኛው የመሃል ዲፈረንሻል ስለሌላቸው፣ ፎርዊል ገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ መያዛቸው ተፈጥሯቸው ነው። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄዱት ፕራዶዎች ግን የመሃል መቆለፊያው ሳይገባ እንዲህ ከያዙ ችግር አለ። ጎማዎቹም ይታዩ፤ ሱባሩ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ያሳስባል። ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ ያለቁ ጎማዎች ያሉት መኪና ጉዳቱን ራሱ ይፈጥራል፤ ሻጩም ይህን ይዞ ቢከራከር እውነት አለው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩን ስለ ዕቃው ጉድለት ኃላፊ ያደርጋል፤ ገዢውም ዕቃውን በቶሎ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። «ድምፅ አለው» የሚል የስልክ አቤቱታ ለዚህ አይበቃም። ድምፁ በምን ፍጥነት፣ በየትኛው ማርሽ፣ ፎርዊል ገብቶ ወይስ ሳይገባ እንደሚመጣ በጽሑፍ ይቀመጥ። ገዢው፣ ሻጩና ከሁለቱም ነፃ የሆነ መካኒክ አብረው ይንዱት። ከመንዳት በፊት «የፎርዊል ጠባይ ነው» ብሎ የሚመልስ ሻጭ ግዴታውን እየሸሸ ነው።

በአሜሪካ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጋዴዎች ዋስትና መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ወረቀት በሚሸጡት አሮጌ መኪና ላይ መለጠፍ አለባቸው፤ ዲፈረንሻልን ጨምሮ ዋና ዋና ክፍሎችና የተለመዱ ጉድለቶቻቸው እዚያው ተዘርዝረዋል። እዚህም ሻጮች ይህን በራሳቸው ፈቃድ ቢጀምሩ ክርክሩ በእጅጉ ይቀንሳል። እስከዚያው ገዢዎች ከመፈረማቸው በፊት «ትራንስፈር፣ ካርዳን፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል» የሚሉትን ቃላት ውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ሻጩ አልጽፍም ካለ መኪናውን ያለ ዋስትና እንደሚሸጥ ቆጥረው ዋጋውን በዚያው ልክ ይደራደሩ።