የጃፓን የትምህርት ዕድል፦ ጥሪት ከመሸጡ በፊት ቋንቋው ይቅደም

ጃፓን እ.ኤ.አ. እስከ 2033 የውጭ ሀገር ተማሪዎቿን ቁጥር 400 ሺሕ ለማድረስ አቅዳ እየሠራች ነው። ቀደም ሲል ለ2020 ይዛው የነበረውን የ300 ሺሕ ዕቅድ አንድ ዓመት ቀድማ አሳክታለች። ሀገሪቱ በሯን የምትከፍተው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕዝቧ ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው፤ ኑሯቸውን በእርሻ ላይ የመሠረቱ ዜጎቿ አማካይ ዕድሜም ወደ 70 ዓመት ተጠግቷል።

በር ሲከፈት ግን ወሬ ከእውነቱ ቀድሞ ይደርሳል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) አራት የጃፓን ከተሞችን ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከታንዛኒያ እና ከሞዛምቢክ ጋር የሚያወዳጅ መርሐ ግብር ይፋ ባደረገ ጊዜ፣ “ልዩ ቪዛ ተፈቀደ” የሚል ወሬ በስፋት ተሰራጨ። የጃፓን መንግሥት ጉዳዩ ከቪዛ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ቢያስታውቅም ተቃውሞው ስለበረታ መርሐ ግብሩ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተሰረዘ። እንዲህ ያለው ወሬ ገጠር ሲደርስ ዋጋው ከባድ ነው፤ ልጁን ለመላክ ጥማድ በሬውን የሚሸጥ ወይም መሬቱን የሚያከራይ ቤተሰብ የሚወስነው በሰማው ልክ ነውና።

በመሆኑም መንገዶቹን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው የጃፓን መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። የትምህርት ክፍያን፣ የአውሮፕላን ትኬትንና ወርኃዊ አበልን ይሸፍናል፤ በኤምባሲ በኩል ለማመልከትም ክፍያ አይጠየቅም። ለመጀመሪያ ዲግሪ የተመረጠ ተማሪ በአብዛኞቹ የትምህርት መስኮች አምስት ዓመት ይቆያል፤ የመጀመሪያው ዓመት በዋናነት ቋንቋ መማሪያ ነው። ለሙያ ኮሌጅ የሚመረጥም በሦስት ዓመት ቆይታው ውስጥ አንዱን ዓመት ለቋንቋ ያውላል። በዩኒቨርሲቲ የጃፓንን ቋንቋና ባህል በማጥናት ላይ ላሉ ደግሞ የአንድ ዓመት ዕድል አለ። ውድድሩ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከተመረጠ ተማሪ ቤተሰብ የሚጠበቅ የትምህርት ክፍያ የለም።

ሁለተኛው መንገድ በግል ወጪ የቋንቋ ትምህርት ቤት መግባት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክፍያው በአብዛኛው በዓመት ከ700 ሺሕ የን ያላነሰ ሲሆን ቤት ኪራይና ምግብ ከዚያ ውጪ ናቸው። አመልካቹ ወጪውን የሚሸፍንለት አካል እንዳለው በማስረጃ ማሳየት አለበት። ተማሪ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት ቢችልም በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ28 ሰዓት ማለፍ አይፈቀድለትም። “እዚያ ሠርተህ ትከፍላለህ” ተብሎ በብድር የተላከ ወጣት ከእነዚህ ሰዓታት በሚያገኘው ገቢ የትምህርት ክፍያውን፣ ኑሮውንና ዕዳውን በአንድ ላይ መሸከም ይከብደዋል። ሰዓቱን ከጣሰ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ከጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሚያገኙበት ሕግ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ትምህርት ቤቱ ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

በሁለቱም መንገዶች የሚፈተነው ቋንቋው ነው። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ከኤን 5 እስከ ኤን 1 አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ዝቅተኛው ኤን 5 ነው። በጃፓንኛ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ከላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች አንዱን የሚመጥን ችሎታ ይጠብቃሉ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ጃፓንኛ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። ግሡ እንደ አማርኛ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል። “ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ” እያለ የሚሄደው ፊደሉ የእኛን የፊደል ገበታ ያስታውሳል። “አንተ” እና “አንቱ” ብሎ ለሚለይ ሰው የጃፓንኛ የአክብሮት አነጋገር እንግዳ አይሆንበትም። ከባዱ ከቻይና የተወሰደው ጽሕፈት ነው፤ ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተመደቡት ምልክቶች ብቻ 2 ሺሕ 136 ናቸው። ምልክቶቹን ያወቀ ሰው በቻይና ጽሑፍም ብዙ ትርጉም መገመት ይችላል፤ የአካባቢው ባህል ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነም ይረዳል።

ቋንቋው የኑሮውም መስታወት ነው። ጃፓናውያን በማሳ ላይ ያለውን ሩዝ “ኢኔ”፣ የተፈለፈለውን “ኮሜ”፣ የበሰለውን “ጎሃን” ይሉታል። “ጎሃን” ምግብ ማለትም ነው፤ እኛ እንጀራን ለምግቡም ለኑሮውም እንደምንጠራበት ማለት ነው። ጃይካ የፎገራን የሩዝ ምርምር ሲደግፍ ቆይቷል። የጃፓንን አርሶ አደር በራሱ ቋንቋ አነጋግሮ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን አሠራር ከመዛግብቱ አንብቦ የሚመለስ ወጣት ለፎገራ ሜዳ በአስተርጓሚ የማይገኝ ዕውቀት ሊያመጣ ይችላል።

ከጃፓን የመማር ሐሳብ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ አስፍረዋል።

ዛሬ ለመጀመር ከሀገር መውጣት አያስፈልግም። የጃፓን ፋውንዴሽን “ሚናቶ” በተሰኘው ድረ ገጹ ነፃ ትምህርቶችን ይሰጣል፤ “ኢሮዶሪ” የተባለው መማሪያ መጽሐፉም ከድምፅ ቅጂው ጋር በነፃ ይገኛል። እንግሊዝኛ ማንበብና ኢንተርኔት ማግኘት ይበቃል። ገበሬ ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ጥቂቱን አርሶ በማይጠፋ መደብ ላይ ብቅለቱን እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ ወላጆችም ጥሪት ከመሸጣቸው በፊት ልጃቸው እዚሁ ለጥቂት ወራት ቋንቋውን ይሞክር። ከገፋበት ለነፃው ዕድል ተዘጋጅቶ ይወዳደራል፤ ካልሆነለትም በሬው ከቤት አልወጣም።