«አይነሳም» የተባለው ኮምፒውተር

አሮጌ ኮምፒውተር ከሲዲ አልነሳ ሲል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁሌም ሲዲ ሮሙ ነው። ጥገና ቤት ሲደርስ ፍርዱ ከደቂቃ አይዘልም፤ «ይሄ ሞቷል፣ ይቀየር።» ባለቤቱ ከፍሎ ያስቀይራል። አዲሱ ተገጥሞም ያው ነው። ቀጥሎ ጣት የሚቀሰረው ማዘርቦርዱ ላይ ይሆናል፤ ማዘርቦርድ ከተባለ ደግሞ ይግባኝ የለም፣ ዕቃው ጨርቅ ለብሶ ጓዳ ይገባል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ማሽኑ የት ድረስ ሄዶ እንደቆመ ሳይጠየቅ የተሰጠ ፍርድ ነውና።

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ከአጎቱ የተረከበውን ፔንቲየም 4 ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ሊኑክስ ልጭንበት ብዬ ሲዲ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጭራሽ ዞር ብሎም አያየው። ዝም ብሎ የድሮውን ዊንዶውስ ይከፍታል» አለኝ። ሊያማርር የተናገረው የመጨረሻው ነገር ለእኔ ደስ የሚል ወሬ ነበር። ዊንዶውስ እስከ መክፈት የደረሰ ማሽን ፓወር ሰፕላዩም፣ ራሙም፣ ማዘርቦርዱም ሥራ ላይ ናቸው። የሚቀረው ሁለት ነገር መጠየቅ ነው። ሲዲው በእርግጥ የሚያስነሳ ሲዲ ነው ወይ? ኮምፒውተሩስ ከሃርድ ዲስኩ በፊት ሲዲውን እንዲያይ ታዟል ወይ?

የመጀመሪያውን ለማጣራት አንድ ብሎን እንኳ መፍታት አያስፈልግም። ሲዲውን እዚያው ዊንዶውሱ ላይ ከፈትነው። ውስጡ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻውን ተቀምጧል፤ የስሙ መጨረሻ «አይኤስኦ» ይላል። አይኤስኦ ማለት የአንድ ሙሉ ዲስክ ግልባጭ ነው፤ በርን ሲደረግ ተዘርግቶ በዲስኩ ላይ በየቦታው መስፈር አለበት። እንደማንኛውም ፋይል ጎትቶ ሲዲው ውስጥ መክተት የጤፉን ከረጢት ምጣድ ላይ አስቀምጦ እንጀራ እንደመጠበቅ ነው። በትክክል በርን የተደረገ ዲስክ ሲከፈት ብዙ ፎልደሮች ይታያሉ እንጂ ያ ብቸኛ ፋይል አይገኝም።

ይህን ያህል ማካበድ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው፣ ምክንያቱ ያለው ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊኒክስና አይቢኤም «ኤል ቶሪቶ» የተባለ ደንብ አወጡ። (ስሙ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት የመጣ ነው ይባላል፤ መሐንዲሶች ሲርባቸው እንዲህ ነው።) ደንቡ ባዮሱን ስለ ፋይልና ፎልደር ሳያስጨንቀው በቀጥታ ወደ ዲስኩ ሴክተር 17 ይልከዋል። እዚያ የደንቡን ስም ተጽፎ ካገኘ ማስነሻው የት እንዳለ አንብቦ ይቀጥላል። ካጣ ወደ ሃርድ ዲስኩ ያልፋል፣ ብዙ ጊዜም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። ከዚህ ደንብ በፊት የተሠሩ ኮምፒውተሮች ደግሞ መጀመሪያ ፍሎፒ ካልገባላቸው በቀር ከሲዲ መነሳትን አያውቁትም፤ እነሱ ላይ መጨነቅ ከንቱ ነው።

ዲስኩን እንደገና፣ በዝግታ በርን አደረግነው። አሁንም ዊንዶውስ። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ሄድን። ልጁ ማሽኑ ሲበራ «ዲሊት»ን ደጋግሞ ተጫነና ባዮሱ ውስጥ ገባ። ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ በማስነሻ ቅደም ተከተሉም ሃርድ ዲስኩ ፊት ላይ ተቀምጧል። ጥፋተኛው ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032 ይባላል። እሱ ሲደክም ቀኑም የተስተካከለው ቅደም ተከተልም ይጠፋል። እኛ አገር ቶሎ ማለቁ አይገርመኝም። ኮምፒውተሩ መብራት እንደተሰካ ቢተው ባትሪው ያርፍ ነበር፤ እኛ ግን ማታ ማታ ዲቫይደሩን ስለምናጠፋ ሌሊቱን ሙሉ ሰዓቱን የሚቆጥረው እሱ ነው። አጎትየው ጓዳ ባስቀመጠባቸው ዓመታት ደግሞ ያለ እረፍት ሠርቷል።

ባትሪው ተቀየረ፣ ሲዲ ሮሙ ወደ ፊት መጣ። በዚህ ጊዜ ዲስኩ ጮኸ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት ብቅ አለ፦ ይህ ሲስተም 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ እዚህ ያለው ግን 32 ነው። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። «አላልኩዎትም ጋሼ? ይኸው አልተነሳም!»

ተነስቷል እንጂ! መልእክቱን የጻፈው ከሲዲው የተነሳው ሲስተም ራሱ ነው። ሲዲ ሮሙ አንብቧል፣ ዲስኩ ደህና ነው፣ ቅደም ተከተሉም ተስተካክሏል፤ ሦስቱም በአንድ መስመር ስህተት ነፃ ወጡ። ጥገና ቤት ግን ይህም ያም «አይነሳም» ተብሎ አንድ ደረሰኝ ላይ ይጻፋል። ዴቢያን 12 የተባለው ሊኑክስ ባለ 32 ቢት እትም ስላለው እሱን አስወረድኩት። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ይህን መጫኛ አስቀርቷል፤ ሌላው ሊኑክስ ኡቡንቱም ባለ 32 ቢቱን የዴስክቶፕ ዲስክ ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የእነዚህ ማሽኖች በር እየተዘጋ ያለው በዚህ በኩል ነው፤ በሲዲ ሮሙ በኩል አይደለም።

በእርግጥ ሲዲ ሮምም ይሞታል። ሌንሱ አቧራ ይይዛል፣ ኬብሉ ይላላል። ሲዲ ብቻ የሚያነብ ማጫወቻ ላይ ዲቪዲ አስገብቶ የሚጠብቅም አለ፤ ሌዘሩ ሌላ ስለሆነ ሺህ ጊዜ ቢገባ አያነበውም። ስለዚህ ባለሙያው «ይቀየር» ካለ፣ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት በሌላ ማሽን ላይ ሲነሳ የታየ ዲስክ ያምጣና እዚያው ከፊታችሁ ያስገባ። አልነሳ ካለ የባዮሱን ቅደም ተከተል ያሳያችሁ። ሁለቱንም አይቶ አሁንም ሞቷል የሚል ከሆነ ክፈሉት።