ባትዎ ሲናገር

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ከወንበርዎ ይነሡና በእግርዎ ጣቶች ጫፍ ይቁሙ። እጅዎን ወደ ባትዎ ቢሰዱ፥ ጡንቻው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ያገኙታል። ይህም የሚሆነው ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪና በነርቭ በኩል የወረደው ትእዛዝ በጡንቻው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኀይል ስለሚያስነሣ ነው። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲወራጭ ያየበትን ምርምር እ. ኤ. አ. በ1791 አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ይህን ኀይል ከቆዳ ላይ ሆነው ለመለካት በቅተዋል።

ኀይሉ ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1500 ሚሊ ቮልት ሲሰጥ፥ ከባት ቆዳ ላይ የሚገኘው ቢበዛ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ጸጉርና ቅባት መንገዱን ይዘጉበታል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ስፍራውን ይላጫል፤ ቀጥሎ በአልኮል ይጠርጋል፤ እስኪደርቅም ይታገሣል።

ከዚያ በኋላ ሰውየው በሆዱ ይተኛል፤ ጉልበቱ ተዘርግቶ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ያልፋል። ተረከዙን ወደ ላይ እንዲስብ ሲታዘዝ የውስጠኛው ባት ጎልቶ ይወጣል። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ. ኤ. አ. በ1999 ባወጡት ምክር መሠረት፥ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች የሚለጠፉት ከሁሉ ጎልቶ በሚታየው ስፍራ ላይ፥ በእግሩ ቁመት አቅጣጫ፥ ከመካከል እስከ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ነው። ለማመሳከሪያ የሚሆነው ሦስተኛው ከቁርጭምጭሚት አጠገብ ይለጠፋል።

«ጥቂት ዝቅ ቢል ምን አለበት?» ይሉ ይሆናል። አለበት እንጂ! ዝቅ ካለ ከሥር የተኛው የሌላው ጡንቻ ምልክት ይቀላቀልበታል፤ ወደ ጅማቱ ከወረደም ምልክቱ ይደክማል። እግሩ ተሰብሮ ብዙ ሳምንት በጀሶ የታሰረ ሰው ያስቡ። ሐኪሙ ዛሬ ለክቶ ከወር በኋላ ሲደግም ስፍራው ከተለወጠ፥ የበረታውን ጡንቻ ደክሟል፥ የደከመውንም በርትቷል ሊል ይችላል። ያም ሰው ያለ ጊዜው ምርኩዙን ይጥላል፤ ወይም ያለ ምክንያት ተስፋ ይቈርጣል።

ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ኤሌክትሮዱ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ በመዝገብ ይጽፋል። እርስዎም ከመዝገብ ቤት የዋሉ እንደ ሆነ ነገሩን ያውቁታል፤ ፋይል በቁጥሩ ካልተቀመጠ በሚፈለግበት ቀን አይገኝም።