«ትእዛዝ» ምን ጎደለው?

እኔ ቀን የባንክ ጸሐፊ፣ ማታ ገጣሚ ነኝ፤ የምኖረውም ደብረ ማርቆስ ነው። ስለ ኮምፒዩተር መጻፌ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ጉዳዩ የቃል ጉዳይ ነውና ይታገሠኝ።

የፕሮግራም ቋንቋዎች ለራሳቸው የያዟቸው ቃላት አሏቸው። በኤስኪውኤል «ኦርደር» እና «ግሩፕ» የተያዙ ናቸው፤ የደንበኛን ትእዛዝ የሚመዘግብበትን ዓምድ «ኦርደር» ብሎ የሰየመ ባለሙያ ሥራው ይቆምበታል። የሚብሰው ደግሞ ትናንት ነጻ የነበረው ቃል ዛሬ ሲያዝ ነው። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2004 «ኢነም»ን፣ ፓይተን በ2018 «ኤሲንክ»ን ለራሳቸው ሲያደርጉ፣ እነዚህን ቃላት በስምነት ይጠቀሙ የነበሩ ፕሮግራሞች ማስጠንቀቂያና እምቢታ ገጠማቸው።

የእኛ ልጆች መፍትሔ ምንድን ነው? «ኦርደር» ላይ ጭረት መቀጠል፣ አለዚያም «ትእዛዝ»ን በላቲን ፊደል መጻፍ! ስለ ምን? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ፓይተን ከ2008 ጀምሮ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ ጃቫም ማይኤስኪውኤልም ይቀበላሉ። የተያዙት ቃላት ሁሉ በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸውና «ትእዛዝ» ከአንዳቸውም ጋር አይጋጭም፤ ነገም አይነጠቅም።

«የውጭ ሰው አያነበውም» ይሉናል። የደጀንን ወይም የቢቸናን የገበሬ ማኅበር መዝገብ ነገ የሚጠግነው ማን ሆነና ነው? የዚሁ አገር ልጅ አይደለምን? እርሱ በባዕድ ቃል እየተደናበረ ለማይመጣ እንግዳ ምንጣፍ ይነጠፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው፤ ማሽን «ዓመት»ንና «አመት»ን ሁለት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ያያቸዋል። እውነት ነው። ታዲያ ጥፋቱ የፊደሉ ነው ወይስ ሆሄ ሳይለይ የሚጽፈው? ዲማና ዋሸራ ቅኔ ባፈለቁበት በጎጃም ምድር «አልፋው አ» እና «ዓይኑ ዐ» ተለይተው ሲጠሩ ኖረዋል። መምህሩ በቁጣ ያስተማሩንን ማሽኑ በእምቢታ ቢያስተምረን ምን ይጎዳናል?

ቅኔ አንዱን ቃል ሰምም ወርቅም ያሸክመዋል፤ ማሽን ግን ከአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ይሻል። አማርኛ ለሁለቱም ይበቃል። እኛ ግን እንደ ዓመት በዓል ልብስ ለግጥም ብቻ አውጥተን፣ በሥራ ቀን ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን። በሥራ ቀን ያልተለበሰ ልብስ ብል ይበላዋል። እናንተ የቃል ወዳጆች ሆይ፣ ለመዝገብ ዓምድ ስም ማውጣትም የእናንተ ሥራ ነው።