በላብራቶሪ የሚያድገው ሥጋ ለሞጆ ቄራዎች ስጋት ነው?

ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱ ሞጆን ታልፋላችሁ። እዚያ ባሉት የኤክስፖርት ቄራዎች የሚታረደው በግና ፍየል ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ይጫናል። ዋና ገዢዎቹ ኤምሬትስና ሳዑዲ ናቸው።

አሁን ደግሞ "ያለ ዕርድ ሥጋ" የሚባል ነገር መጥቷል። ብዙዎቻችን ሰምተን ስቀን አልፈነዋል። እኛ ግን ልንከታተለው ይገባል እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንስሳ ጥቂት ሕዋስ ይወሰድና ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚንና አሚኖ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ እንዲባዛ ይደረጋል። ችግሩ ፈሳሹ ላይ ነበር። ሕዋሱ በደንብ እንዲያድግ ሴረም ይጨመርበታል፤ ይህ ሴረም የሚገኘው ደግሞ ያረገዘች ላም ስትታረድ ከጽንሱ ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ የቀረበው የመጀመሪያው በርገር ያደገው በዚሁ ነው። ወጪውም 250,000 ዩሮ ገደማ ነበር። "ያለ ዕርድ" የተባለው ሥጋ ራሱ ቄራ ጠባቂ ነበር ማለት ነው!

ያ እየተቀየረ ነው። ሲንጋፖር በላብራቶሪ ያደገ ዶሮ እንዲሸጥ በ2020 ፈቀደች፤ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ያለ ሴረም የሚያድገውን ፈቀደች።

ለሞጆ ወሳኙ እዚህ ጋ ነው። በእስልምና ደም ሐራም ነው፤ ስለዚህ ሴረም ያለበት ሥጋ ሐላል ለመባል ይቸገራል። በ2024 የሲንጋፖር የፈትዋ ኮሚቴ ሕዋሱ ከሐላል እንስሳ ከመጣና በሂደቱ ሐላል ያልሆነ ነገር ካልገባ ሊበላ ይችላል ብሏል። የእኛ ሥጋ ባህረ ሰላጤው ላይ የሚሸጠው ግን በሐላልነቱና በትኩስነቱ ነው። ሴረም በወጣ ቁጥር ከሁለቱ አንዱ የእኛ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ነገ ቄራ ይዘጋል እያልን አይደለም። የላብራቶሪው ሥጋ ገና ውድ ነው፤ አብዛኛውም እንደ ተፈጨ ሥጋ ያለ ነው። ሙሉ ፍየል የሚሠራ ማሽን የለም። ጊዜ አለን።

እውቀቱም ሩቅ አይደለም። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ለክትባት ሲል ሕዋስ ያሳድጋል። ይህን ሙያ የሚማር ወጣት እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ማፍራት ይቻላል። ካልሆነ ግን አርብቶ አደሩም፣ የቄራ ሠራተኛውም ለውጡን የሚሰሙት ገዢው ትዕዛዝ ሲቀንስ ይሆናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐላል ቢባል ትበሉታላችሁ?