ለእባብም ዘር ይቆጠርለት

ይህን አርእስት ያየ አንባቢ «ደግሞ ለእባብ!» ብሎ ሳይስቅ አይቀርም። እባብ ሲታይ ዱላ በሚፈለግበት አገር ያደገ ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም፤ እኔም ስቄ ነበር። ነገሩን የጀመረው የባዮሎጂ መምህራችን ለመልመጃ የሰጡን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች በየቤታቸው ስለሚያረቡት ንጉሣዊ ዘንዶ ነበር። አንድ አልቢኖ ወንድ ከተራ ሴት ጋር ቢገናኝ፣ ከዚያም ከሴት ልጆቹ አንዷ መልሳ ከአባቷ ጋር ብትገናኝ፣ ከሚፈለፈሉት ስንቱ አልቢኖ ይሆናል? ሁላችንም «ግማሹ» ብለን መለስን፤ ሙሉ ማርክም አገኘን። አባትን ከልጁ ጋር ማገናኘት ተገቢ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አንድ እንኳ አልነበረም። ያን ቀን ያላነሣሁትን ጥያቄ ዛሬ ላነሣው እወዳለሁ።

ንጉሣዊ ዘንዶ የምዕራብ አፍሪካ ፍጡር ነው። ወደ ውጭ አገር በብዛት የተላከው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። ከዘንዶ ወገን ትንሽ ሲሆን ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም። ሲፈራም እንደ ኳስ ይጠቀለላል እንጂ ለመናከስ አይቸኩልም። ሴቲቱ ለእንቁላል የምትደርሰው በሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ሁለት ወር ያህል በሙቀት ተጠብቆ ይፈለፈላል። እንግዲህ ለአርቢው አንድ ትውልድ ማለት ብዙ ዓመት መጠበቅ፣ ብዙ ገንዘብ ማውጣትና ጥቂት ልጅ ማግኘት ነው። ፈተናው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

አልቢኖነት የሚታየው ጂኑ ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ብቻ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ልጅ መልኩ ተራ ሆኖ ጂኑን ደብቆ ይይዛል። ጂኑን የደበቁ ሁለት ዘንዶዎች ቢገናኙ፣ እያንዳንዱ እንቁላል አልቢኖ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንቁላሉ ስድስት ቢሆን፣ ከስድስቱ አንድም አልቢኖ ሳይወጣ የመቅረቱ ዕድል ከመቶ 18 ገደማ ይሆናል። ልጂቱን ከአልቢኖ አባቷ ጋር ያገናኘ አርቢ ግን ዕድሉን ወደ ግማሽ ያሳድጋል፤ ባዶ እጁን የመቅረቱ ዕድልም ከመቶ 2 አይሞላም። ሒሳቡ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚቆጥረው ቀለሙን ብቻ ነው። ቀለሙ እንዲገለጥ ያደረገው ያው የዘር መቀራረብ፣ ተደብቆ የኖረውንም ሌላ ጉድለት አብሮ ይገልጣል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በደቡብ ስዊድን ስሚገሁክ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ በእርሻ ተከበው ከዘመዶቻቸው የተለዩ ጥቂት እፉኝቶች ይኖሩ ነበር። እርስ በርሳቸው ብቻ ሲራቡ ከልጆቻቸው ብዙዎቹ ሞተው ወይም አካላቸው ጎድሎ ይወለዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎች ከሌላ ስፍራ 20 ወንዶች አምጥተው ለጥቂት ዓመታት ከእነርሱ ጋር አኖሩ። ከዚያ በኋላ በሕይወት የሚያድጉት ልጆች በዙ፤ ሊጠፋ የተቃረበውም መንጋ አገገመ። ምግባቸው አልተለወጠም፣ ስፍራቸውም አልተለወጠም፤ መድኃኒቱ ባዕድ ደም ነበር።

የእኛ ሽማግሌዎች ጂን የሚባል ነገር ሳይሰሙ፣ ልጅ ሊድሩ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ። እኛ ጂንን ከነቀመሩ የተማርነው ግን አባትን ከልጁ አገናኝተን «ግማሹ» ብለን እናልፋለን። ከሁለታችን የተማረው ማን ነው?

ዘር መቁጠር ብቻውን የማያድነው ነገር ደግሞ አለ። «ሸረሪት» የሚባል የሚያምር መልክ ያለው የንጉሣዊ ዘንዶ ዓይነት አለ፤ ለዚህ መልክ ጂኑ ከአንድ ወላጅ ቢመጣ ይበቃል። ነገር ግን መልኩን የወረሰው ሁሉ፣ አንዱ በጥቂቱ ሌላው በብዙ፣ ራሱ ይወዛወዛል፤ ሚዛኑን መጠበቅም ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የእነዚህ ዘንዶዎች የውስጥ ጆሮ ቅርጹ የተበላሸ መሆኑን አሳይቷል። ችግሩ ከቀለሙ ጋር ተቆራኝቶ ስለሚሄድ፣ የቱንም ያህል ሩቅ ዘመድ ቢፈለግለት አይለቅም። ከዚህ ላይ ያለው ትክክለኛ የማዳቀል ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አለማዳቀል ነው።

አርቢዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት እንዳላቸው አውቃለሁ። «በአንድና በሁለት ትውልድ የታየ ጉዳት የለም፤ ደግሞስ እንዲህ ባይደረግ ኖሮ አልቢኖው ከየት ይበዛ ነበር?» ይላሉ። በመጀመሪያው ዘመን፣ አልቢኖ ዘንዶ በዓለም በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ይህ ሊደመጥ ይችል ነበር። ዛሬ ግን አልቢኖ በየአርቢው ቤት ሞልቷል። ዘመድ ያልሆነውን ከሌላ አርቢ ገዝቶ ወይም ተለዋውጦ ማገናኘት ያንኑ ግማሽ ያስገኛል። ያልታየ ጉዳትም የሌለ ጉዳት ማለት አይደለም፤ የስሚገሁክ እፉኝቶችም በአንድ ቀን አልተጎዱም።

ስለዚህ ማንኛውም አርቢ ሁለት እባቦችን ከማገናኘቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። እነዚህ ሁለቱ በስንት ቤት ይዛመዳሉ? የምፈልገው ቀለም ከሕመም ጋር የተቆራኘ ነው ወይስ አይደለም? ሴቲቱስ ካለፈው ዓመት እንቁላሏ አገግማ ሥጋ ለብሳለች ወይ? ስንቱ አልቢኖ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

መምህራችንንም በአክብሮት የምለምናቸው አንድ ነገር አለ። በሚመጣው ዓመት ይህንኑ መልመጃ ሲሰጡ፣ ከሥሩ «ይህ ግንኙነት ቢቀር ይሻላል ወይ? ለምን?» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩበት። ነገ ከመካከላችን በላምና በዶሮ እርባታ ላይ የሚሠራ ይኖራል፤ ማርኩ ለዚያ መስመር ቢሰጥ ይሻላል።